ተረከዜን የሚወጋኝ ሪህ ነው፣ ብርድ ነው ወይስ የበቀለ አጥንት?

ጥያቄ፦ 46 ዓመቴ ነው። ኮንዶሚኒየም ደርሶን ከመሃል ከተማ ወደ ኮዬ ፈጬ ከገባን ወዲህ እንጀራ ጋግሬ ለሱቆች አስረክባለሁ፤ የምንኖረው አራተኛ ፎቅ ነው። ከክረምቱ ጀምሮ ቀኝ ተረከዜን ያመኛል። ጠዋት ከአልጋ ስወርድ ይወጋኛል፣ ትንሽ ስራመድ ይለቀኛል፣ ማታ ተመልሶ ይመጣል። አንድ ክሊኒክ ዩሪክ አሲድሽ 6.4 ነው፣ ሪህ ነው አለኝ። ሌላ ቦታ ራጅ ተነሥቼ አጥንት በቅሏል ተባልኩ። ጎረቤቶቼ ደግሞ ብርድ ነው ይላሉ። ማታ ማታ በጣም በሞቀ ውሃና ጨው እግሬን እነክራለሁ። ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ ወቅጬ አስሬበት ባድር ቆዳዬ ውሃ ቋጠረ። ስጋ፣ ሽሮና ምስር ትቻለሁ፤ ተልባና ዝንጅብል እጠጣለሁ፤ አሁን ደግሞ የቅልጥም ሾርባ መከሩኝ። ዳይክሎፌናክ ስውጥ ይሻለኛል፣ ስተወው ይመለሳል። መርፌ ልወጋ ወይስ ቤት ውስጥ የማደርገው ነገር አለ?

ምላሽ፦ እንደ ገለጻዎ ከሆነ ሦስቱም አይደሉም። ጠዋት በመጀመሪያው እርምጃ የሚወጋ፣ ሲራመዱ የሚለቅ፣ ብዙ ሰዓት ቆመው ሲውሉ የሚመለስ የተረከዝ ሕመም በአብዛኛው የሚነሣው ከውስጥ እግር ነው። ከተረከዝ አጥንት ሥር ተነሥቶ ወደ አምስቱ ጣቶች የሚዘረጋ፣ በሕክምናው ፕላንታር ፋሺያ የሚባል ጠንካራ ሽፋን አለ። በቆምን ቁጥር ይወጠራል፣ ክብደታችንንም ይሸከማል። ከአቅሙ በላይ ሲጫንበት ተረከዝ ላይ በተያያዘበት ቦታ ክሮቹ ይጎዳሉ፤ በቂ ዕረፍት ሳያገኝ በላዩ ላይ ሲደገምበት ደግሞ መዳን ያቅተዋል። ሌሊት ስንተኛ እግራችን ወደ ታች ስለሚያዘነብል ሽፋኑ ያጥራል፤ ጠዋት መሬት ስንረግጥ ያ ያጠረው በአንድ ጊዜ ይለጠጣል። የሚወጋዎት ያኔ ነው።

ራስዎ መፈተሽ ይችላሉ። ቁጭ ብለው የእግርዎን ጣቶች በእጅዎ ወደ ላይ ይሳቡና በሌላው እጅዎ አውራ ጣት የተረከዝዎን የውስጥ ጎን፣ ወደ እግርዎ መሃል በሚጠጋው ጠርዝ፣ ጠበቅ አድርገው ይጫኑ። ሕመሙ እዚያ ነጥብ ላይ ከተቀሰቀሰ ግምቱ ይጠነክራል። ቀጥሎ ተረከዝዎን ከግራና ከቀኝ በሁለት መዳፍ ይጭመቁት። ይህ ብርቱ ሕመም ካመጣ አጥንቱ ራሱ ተሰንጥቆ ሊሆን ስለሚችል ከዚህ በታች የምጽፈውን ከመጀመርዎ በፊት ሐኪም ይየው።

ሪህ ሲነሣ እንዲህ አይደለም። ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በእግር አውራ ጣት መገጣጠሚያ ላይ ነው፤ ሌሊት በድንገት ይነሣል፣ ቦታው ይቀላል፣ ይግላል፣ ያብጣል፣ አንሶላ ሲነካው እንኳ አያስችልም። ከዚያ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ለቆ ይሄዳል። ለወራት ጠዋትና ማታ እየተመላለሰ ተረከዝን ብቻ የሚወጋ ሪህ እንግዳ ነገር ነው። የ6.4 ውጤትም ለሴት ከተለመደው ትንሽ ከፍ ያለ ነው እንጂ በሽታ ማለት አይደለም፤ ዩሪክ አሲድ ሪህን ወደሚያመጣው ክሪስታል መለወጥ የሚጀምረው ደም ውስጥ ያለው መጠን 6.8 አካባቢ ሲደርስ ነው፣ ከዚያ በላይ ሆኖባቸውም ዕድሜ ልካቸውን ሪህ የማይነሣባቸው ብዙዎች ናቸው። በአንድ የደም ወረቀት ብቻ ሪህ ነው መባል አልነበረብዎትም።

ስለዚህ ሽሮውንና ምስሩን ዛሬውኑ ይመልሱት። ይህን አጥብቄ የምናገረው በየጊዜው የማየው ጉዳት ስለሆነ ነው፤ ሪህ አለብሽ የተባለች እናት ጥራጥሬ ትታ፣ በጾም ወራት እንጀራ በድንች ብቻ እየበላች አቅሟ ይደክማል። ጥራጥሬ ውስጥ ያለው ፒውሪን (ሰውነት ውስጥ ወደ ዩሪክ አሲድ የሚለወጠው ነገር) እንደ ቀይ ስጋ፣ እንደ ጉበትና እንደ ኩላሊት ሪህን እንደማያባብስ ይታወቃል። እውነተኛ ሪህ ያለበት ሰው እንኳ መቀነስ ያለበት ቢራውን፣ የሆድ ዕቃ ስጋውንና የቀይ ስጋውን ብዛት ነው።

የበቀለው አጥንትስ? ራጁ ላይ የታየው ሹል ነገር እውነት ሊኖር ይችላል። ግን የሚወጋዎት እሱ አይደለም። ተረከዛቸውን ምንም አሟቸው የማያውቁ ብዙ ሰዎች ራጅ ቢነሡ እንዲህ ያለ አጥንት ይታይባቸዋል፤ ሕመማቸው ጨርሶ የጠፋላቸው ሰዎችም አጥንቱ እንዳለ ነው። ብዙ ዓመት ጫና በበዛበት ቦታ የሚፈጠር ምልክት ስለሆነ ማስቆረጥም፣ በመድኃኒት ለማሟሟት መሞከርም አያስፈልግም። ይሟሟል ብሎ ጠብታ ወይም ቅባት የሚሸጥልዎት ካለ ገንዘብዎን ይያዙ።

ብርዱን በተመለከተ ጎረቤቶችዎ ያዩት ነገር አለ፤ የተረጎሙበት መንገድ ነው የተሳሳተው። ክረምት ላይ ጠዋት ሲቀዘቅዝ ጡንቻና ጅማት ይደርቃል፣ ሕመምም ይብሳል። ነገር ግን ብርድ ወደ ተረከዝ ገብቶ አይቀመጥም፤ በሙቀት ተስቦ የሚወጣም የለም። ኮዬ ፈጬ ከገባችሁ ወዲህ የተለወጠው ሌላ ነው። በሲሚንቶና በሴራሚክ ወለል ላይ በባዶ እግር ወይም በስስ ሲሊፐር ትቆማላችሁ፣ በቀን ብዙ ጊዜ አራት ፎቅ ትወጣላችሁ ትወርዳላችሁ፣ ውሃ ሲጠፋ ጀሪካን ትሸከማላችሁ፣ ታክሲ እስክታገኙ በኮብልስቶን ትራመዳላችሁ። በዚያ ላይ እርስዎ ምጣድ ፊት ለሰዓታት ይቆማሉ። ተረከዝዎ ያቃተው ይህ ድምር ነው።

የነጭ ሽንኩርቱንና የፌጦውን ነገር ካሁን በኋላ እንዳይደግሙት። ሁለቱም ጥሬ ሆነው ሲወቀጡ ቆዳ የሚያቃጥል ኬሚካል ይለቃሉ፤ ሌሊቱን ሙሉ ታስረው ሲያድሩ የእሳት ቃጠሎ ያህል ያቆስላሉ። «ሲያቃጥል በሽታውን እየሳበው ነው» የሚባለው ትክክል አይደለም፣ የሚቃጠለው ቆዳዎ ነው። ውሃ የቋጠረውን አያፍርጡት፤ በንጹሕ ውሃና ሳሙና እያጠቡ፣ ከፈረጠ ደግሞ ቫዝሊን ቀብተው በንጹሕ ጨርቅ ይሸፍኑት። ዙሪያው ከቀላ፣ ከገለ ወይም መግል ከያዘ ጤና ጣቢያ ይሂዱ።

በጨው ውሃ መንከር ምቾት ይሰጣል፣ የደከመ ጡንቻም ያዝናናል፤ ከዚያ በላይ አይሄድም። ለብ ባለ ውሃ ለ10 ወይም ለ15 ደቂቃ ቢነክሩ አልቃወምም። «በጣም በሞቀ» ያሉት ግን ያሳስበኛል። ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ሳያውቀው ይደነዝዛል፤ ሙቀቱ ሳይሰማው ቆዳው ይላጣል፣ ቁስሉም ለወራት አይድንም፣ እግር እስከማስቆረጥ የደረሰ አለ። ስኳር እንዳለባቸው የሚያውቁት ከታመሙ በኋላ የሆኑ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። የእርስዎን ደብዳቤ ሳነብ መጀመሪያ ያሰብኩት ይህን ነው። ለዩሪክ አሲድ ከፍለዋል፤ የስኳር ምርመራ ግን አልጠቀሱም። በዚህ ሳምንት ጾመው አድረው ይመርመሩ። እስከዚያ ውሃውን በእግርዎ ሳይሆን በክርንዎ ነክተው ይለኩት።

ከምግቡ መድኃኒት የሚሆን አያገኙም፣ ስለዚህ አላስረዝመውም። ተልባ ለሆድ ድርቀት ጥሩ ነው፣ ጥሩ ቅባትም አለው፤ ቆልተው ፈጭተው ከብዙ ውሃ ጋር ይጠጡት፣ የሐኪም መድኃኒት ከሚወስዱበት ሰዓት ግን ያርቁት። ዝንጅብል ሕመምን በጥቂቱ ያለዝባል፤ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው በብዛት አይጠጣው። የቅልጥም ሾርባ ለተረከዝ ምንም አያደርግም፣ የሚገኝበት ካልሲየምም ብዙዎች እንደሚያስቡት ብዙ አይደለም። ለሪህ ብለው ስጋ ትተው በዚያው ሳምንት ቅልጥም መጠጣትም እርስ በርሱ የሚጣረስ ነው። አጥንትዎ ካሳሰበዎት ወተት፣ አይብና ጎመን ይብሉ፤ የሚጋግሩት ጤፍ ራሱ ከስንዴና ከበቆሎ የበለጠ ካልሲየም አለው። ክብደትዎ ከጨመረ ጥቂት ኪሎ መቀነስ ተረከዝዎን ያግዘዋል። ግን ክብደት እስክቀንስ ብለው ሌላውን እንዳያዘገዩ።

ዳይክሎፌናክ ሲውጡ የሚሻልዎት፣ ሲተዉት የሚመለሰው፣ ሕመሙን እንጂ የተጎዳውን ሽፋን ስለማይነካው ነው። ሕመሙ በጠናባቸው ጥቂት ቀናት ምግብ በልተው ቢወስዱት ምንም አይደለም። ለሳምንታት እየገዙ መዋጥ ግን ጨጓራ ያቆስላል፣ ኩላሊት ይጎዳል፣ ደም ግፊት ይጨምራል። ጨጓራ፣ ግፊት ወይም የኩላሊት ችግር ካለብዎት ጨርሶ አይጀምሩት። «የሀገር ባህል» ተብሎ ስም ሳይጻፍበት በላስቲክ ከሚሸጥ የቁርጥማት እንክብል ደግሞ ይራቁ፤ በሌሎች አገሮች እንዲህ ካሉ «ዕፅዋት» ውስጥ ዴክሳሜታሶንን የመሰለ ስቴሮይድ፣ እብጠትና ሕመም የሚያስታግስ ብርቱ መድኃኒት፣ ተደብቆ ተገኝቷል። በሁለት ቀን ተአምር የሚሠራ እንክብል ሊጠረጠር ይገባል።

መርፌውስ? አሁን አይወጉ። የስቴሮይድ መርፌ ለተወሰኑ ሳምንታት፣ ቢበዛ ለጥቂት ወራት ያስታግሳል። ከዚያ በኋላ የተወጋውም ያልተወጋውም ልዩነታቸው እየጠበበ ይሄዳል። ጉዳቱ ግን አለ፦ ሽፋኑ ሊበጠስ ይችላል፣ ተረከዝ ሥር እንደ ፍራሽ የሚያገለግለን ስብም ሊሳሳ ይችላል፣ ያ ስብ ደግሞ ተመልሶ አይተካም። በተለይ ሕመሙ ሲለቃቸው በማግስቱ ሙሉ ቀን ምጣድ ፊት የሚቆሙ ሰዎች አደጋው ይብስባቸዋል። መርፌ የሚታሰበው የምነግርዎትን ሁሉ በደንብ ሠርተው ሳይሻል ሲቀር፣ ቦታውን መርምሮ በሚያውቅ ሐኪም እጅ ብቻ ነው።

መሠራት ያለበት ከጫማ ይጀምራል። ለሦስት ወር ቤት ውስጥም ቢሆን ባዶ እግር የለም። ጫማ ይዞ ቤት መግባት ደስ እንደማይል አውቃለሁ፤ ለቤት ብቻ የሚሆን አንድ ጥንድ ይለዩና ማታ ከአልጋዎ ሥር አስቀምጠው ይተኙ፣ ጠዋት መጀመሪያ የሚረግጡት እሱን ይሁን። ስስ ሲሊፐርም ኮንጎ ጫማም አይሆንም። የሚፈልጉት ተረከዙ ሁለት ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ያለ፣ ከኋላ ጠንከር ብሎ የሚይዝ፣ ሲያጥፉት ጣቶቹ ጋ ብቻ የሚታጠፍ ስኒከር ነው። ሰልባጅ ሲገዙ ላዩን አይመልከቱ፤ ገልብጠው ሶሉ በአንድ ወገን አለመበላቱን ይዩ፣ የተረከዙን ስፖንጅ በአውራ ጣትዎ ይጫኑት። ተጨፍልቆ የቀረ ከሆነ፣ የታወቀ ስም ቢኖረውም ለእርስዎ አይሆንም።

ቀጥሎ ምጣዱ። ሥራውን ይተዉ አልልም፣ የቤትዎ ገቢ ነው። የሚቆሙበትን ይለውጡ። ወፍራም የላስቲክ ምንጣፍ ከምጣዱ ፊት ያንጥፉ፤ የሚነዝር ምጣድ ካለዎትም ደረቅ ላስቲክ ላይ መቆም ከሲሚንቶ ይሻላል፣ ምጣዱን ማሠራቱ ግን ግዴታ ነው። አንድ ዝቅ ያለ ዱካ አጠገብዎ ያድርጉና አንዱን እግር እያፈራረቁ ያሳርፉበት። ከሁሉ በላይ ግን በመሃል ይቀመጡ። ሊጡን አዙረው፣ ዓይን ሲያወጣ አክንባሎውን ከከደኑ በኋላ እስኪበስል ያሉት ደቂቃዎች የእርስዎ ናቸው፤ ከፍ ያለ መቀመጫ ከጎንዎ ይኑር። የአንድ ቀኑን ጋገራ ጠዋትና ከሰዓት ከፍለው ቢጋግሩ ደግሞ ለተረከዝዎ ዕረፍት ይሰጡታል። ቤተ ክርስቲያን የሚያስቀድሱ ከሆነም ጫማ ስለሚወልቅ ወፍራም ካልሲ ያድርጉ፣ ምንጣፍ ያለበት ቦታ ይቁሙ፣ መቋሚያ ወይም ግድግዳ ይደገፉ። ሕመምተኛ ቢቀመጥ ነውር የለውም።

ከአልጋ ሳይወርዱ የሚሠሩት መሳሳቢያ አለ። ነጠላዎን በእግርዎ ጣቶች ሥር አዙረው ጣቶቹን ወደ ራስዎ ይሳቡ፤ ውስጥ እግርዎ ሲወጠር ይሰማዎታል። 10 ሴኮንድ ይያዙት፣ ይልቀቁት፣ 10 ጊዜ ይደጋግሙት። ጠዋት ከመጀመሪያው እርምጃ በፊት አይዘንጉት፤ በቀን ውስጥም ሁለቴ ይሥሩት። ባትዎን ደግሞ ግድግዳ ተደግፈው፣ የታመመውን እግር ወደ ኋላ አድርገው፣ ተረከዙ መሬት ሳይለቅ 30 ሴኮንድ ይሳቡት፤ አንዴ ጉልበትዎ ቀጥ ብሎ፣ አንዴ ትንሽ ታጥፎ። የባት ጡንቻ ሲያጥር የተረከዙን ሽፋን ይዞት ይወጠራል።

ዋናው ግን ማጠንከሪያው ነው፤ ብዙዎችም የሚተዉት ይህንን ነው። ተዳክሞ የቆየ ሽፋን በዕረፍት ብቻ አይጠነክርም፣ በልክ ሲጫኑበት ነው የሚጠነክረው። የሚያማርሩት የኮንዶሚኒየሙ ደረጃ እዚህ ላይ ይጠቅማል። በታችኛው ደረጃ ላይ የእጅ መደገፊያውን ይዘው በግማሽ እግርዎ ይቁሙ፤ ከጣቶችዎ ሥር የተጠቀለለ ትንሽ ፎጣ ያድርጉ፣ ጣቶችዎ ወደ ላይ እንዲታጠፉ። እስከ 3 እየቆጠሩ ቀስ ብለው ይነሡ፣ ላይ 2 ሴኮንድ ይቆዩ፣ እስከ 3 እየቆጠሩ ይውረዱ። 12 ጊዜ ይሥሩና ዐረፍ ብለው ይድገሙ፣ በጠቅላላው ሦስት ዙር። በሁለቱም እግር ይጀምሩ፤ ሲቀልልዎት በታመመው ብቻ፣ ቀጥሎም ሁለት ኪሎ ዱቄት በቦርሳ አዝለው። በየሁለት ቀኑ እንጂ በየቀኑ አይደለም። ሲሠሩ ትንሽ ቢያምዎት አይፍሩ፤ በማግስቱ ጠዋት ከወትሮው ከባሰብዎት ግን አበዝተዋልና ይቀንሱ።

ማታ ሲቃጠልብዎት የሃይላንድ ላስቲክ በውሃ ሞልተው አስበርደው፣ ካልሲ አድርገው ከውስጥ እግርዎ ሥር ለ10 ደቂቃ ያንከባሉት። የደነዘዘ እግር ካለዎት ይህንንም ይተዉት።

ተረከዝዎ ከተሰነጠቀም ነገሩ ሌላ ነው። በምላጭ አይላጡት። ከታጠቡ በኋላ በእግር መፈተጊያ ድንጋይ ቀስ ብለው አሽተው ቫዝሊን ወፈር አድርገው ቀብተው ካልሲ አድርገው ይተኙ፤ በሁለት ሳምንት ይለሰልሳል።

በቶሎ እንደማይድን አስቀድመው ይወቁ። ከ10 ሰው 8ቱ ወይም 9ኙ ያለ ቀዶ ሕክምና ይድናሉ፣ ግን ወራት ይፈጃል፤ አንዳንዱ ዓመት ይጠጋዋል። መጀመሪያ የሚለወጠው የጠዋቱ ሕመም ርዝመት ነው፤ ግማሽ ሰዓት የነበረው ወደ አሥር ደቂቃ፣ ከዚያ ወደ ጥቂት እርምጃ ይወርዳል። ስለዚህ ማታ ማታ ስንት እንዳመመዎት ሳይሆን ጠዋት እስከ ስንት ደቂቃ እንደቆየ ይመዝግቡ።

ቤት ውስጥ የማይሞከርባቸው ሁኔታዎች አሉ። ተረከዝ ሌሊት ከእንቅልፍ እያነቃ የሚያም ከሆነ፣ ካበጠ፣ ትኩሳት ወይም ያለ ምክንያት መክሳት ከተከተለ የአጥንት ኢንፌክሽን፣ ቲቢም ጭምር፣ መጣራት አለበት። እግር ከደነዘዘ ወይም ውስጥ እግር ላይ ቁስል ካለ፣ ሲራመዱ «ቷ» ብሎ ድንገት መቆም ካቃተዎት፣ አንድ ባት ብቻ ካበጠና ካመመ በዕለቱ ሐኪም ቤት ይሂዱ። ወጣት ሆኖ ሁለቱም ተረከዝ የሚያመው፣ ጠዋት ወገቡም ከግማሽ ሰዓት በላይ ደርቆ የሚቆይበት ሰውም የመገጣጠሚያ በሽታ ሊሆን ስለሚችል ይመርመር።

ለእርስዎ የምለው ይኸው ነው፦ በዚህ ሳምንት ስኳርዎን ይመርመሩ፣ ቁስሉ ይዳን፤ መርፌውን፣ ቅልጥሙንና የሌሊቱን እሽግ ይተዉ፤ ጫማውን፣ የምጣዱን አቋቋምና የደረጃውን እንቅስቃሴ ለ12 ሳምንት ሳያቋርጡ ይያዙ። በ12 ሳምንት የጠዋቱ ሕመም ካላጠረ ከጤና ጣቢያዎ የሪፈር ወረቀት ተቀብለው ፊዚዮቴራፒ ክፍል ወዳለው ሆስፒታል ይሂዱ፤ የማኅበረሰብ ጤና መድን ካለዎት ያለ ሪፈር ወጪውን በሙሉ ላይሸፍንልዎት ስለሚችል ወረቀቱን አይዝለሉ። ሲሄዱ የመዘገቡትን ደብተርና በየቀኑ የሚያደርጉትን ጫማ ይዘው ይቅረቡ።